የስድሳ ሦስት ዓመቱ ወጣት

በ2064 ዓ.ም. በኮምቦልቻ ብቻውን ለሚኖር ሰው ክፍል አይሰጥም። ክፍል የሚሰጠው ለጥንድ ነው። ጥንድ ሲባል ባልና ሚስት አይደለም፤ አንድ ጧሪና አንድ ተጧሪ ነው። ሰባ ዓመት የሞላው ተጧሪ ይባላል። ያልሞላው ሁሉ ወጣት ነው፤ ወጣት ሁሉ ደግሞ ጧሪ ነው። ልጅ አባቱን መጦር አይችልም፤ ዝምድና ያዳላል ተብሎ ተከልክሏል።

እንድሪስ በዛብህ በወረቀት ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ስለዚህ ወጣት ነው።

ሰኞ ጠዋት በሦስተኛው ግቢ የጋራ አዳራሽ ቁርሱን ሊበላ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ማንኪያ ቅንጬ ወደ አፉ ሲያስጠጋ ወንበሩ ከሥሩ ብድግ ብሎ አቆመው። አንድ ተጧሪ በበሩ ገብተው ነበር።

«ኖር!» አለ እንድሪስ።

«ኖር!» አሉ መቶ አርባ ወጣቶች፣ እነሱንም ወንበራቸው አስነሥቷቸው።

«በእግዜር» አሉ ሽማግሌው።

ወንበሮቹ ወረዱ። እንድሪስ ማንኪያውን እንደገና አነሣ። ሌላ ተጧሪ ገቡ።

በአንድ ቁርስ ሠላሳ አንድ ጊዜ ይነሣል። የሃያ ዓመቶቹ ልጆች ከናካቴው ቆመው መብላት ለምደዋል። እንድሪስ ግን ቆሞ መብላት አይችልም፤ ቀኝ ጉልበቱ እንደ ደረቅ ሽምብራ ቀጭ ቀጭ ይላል። ወንበሩ ይህን አያውቅም። ወንበሩ የሚያውቀው በአንገት ላይ የተንጠለጠለውን መታወቂያ ነው። አንድ ሌላ ነገርም ያውቃል፦ ተጧሪ ራሱ ተነሥቶ «ኖር» ካለ፣ ከእሱ የሚበልጥ ሰው ገብቷል ማለት ነውና፣ የአዳራሹ ወንበር ሁሉ ጧሪ ተጧሪ ሳይል ሰው ያነሣል። ይህ የሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የመቶ አራት ዓመት አዛውንት ከሐይቅ ከተማ ለጉብኝት የመጡ ዕለት።

የእውነቱን ከሆነ እንድሪስ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። ዘጠኙ ዓመት የት ደረሰ ቢባል ኳስ ሜዳ ላይ ቀርቷል። በሃያ ዓመቱ አንድ አሠልጣኝ አምስት ዓመት ቀነሰለት። በሃያ አምስት ዓመቱ ደግሞ ለዞኑ ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች ቡድን ሲመረጥ አራት ተጨማሪ ተቀነሰለት። በቀን ሁለት ጊዜ ጢሙን ይላጭ ነበር። ግማሽ ፍጻሜው ላይ ጎል ሲያስቆጥር የሦስት ዓመት ልጁ ከእናቱ እጅ አምልጦ «አባዬ! አባዬ!» እያለ ሜዳ ገባ። አሠልጣኙ ለዳኛው፣ «ታናሽ ወንድሙ ነው፤ አባታቸው ስለሞተ እንዲህ ብሎ ነው የሚጠራው» ብሎ እንባውን ጠረገ። ዳኛውም አለቀሰ። ጎሉ ጸደቀ።

ያ ልጅ ዛሬ ሃምሳ ዓመቱ ነው። ወልዲያ ውስጥ የማያውቃቸውን ሽማግሌ ይጦራል።

ቁርሱን እንደ ምንም ጨርሶ ሳህኑን ሲመልስ ኤልዳና መጣች። ኤልዳና የግቢው አስተባባሪ ናት፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ በወረቀት ሁለቱም ወጣት ስለሆኑ እንደ እኩያዋ ነው የምታየው።

«እንድሪስ፣ የኔ ወንድም! ሰላም ነው ብሮ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«የእዝለት ፈተናው የሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ነው። አንተና እማማ መዲና ሦስት ሰዓት ላይ ናችሁ።»

እንድሪስ ሳህኑን ሁለተኛ ጊዜ አጠበው።

የእዝለት ፈተና በዓመት አንዴ ነው። መብራት ጠፍቶ አሳንሰሩ ቢቆም ጧሪው ተጧሪውን አዝሎ ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ በስድስት ደቂቃ ማድረስ አለበት። ያልቻለ በአሥር ቀን ውስጥ ክፍሉን ለቆ ከከተማው ውጭ ወዳለው መጠበቂያ ይሄዳል። እዚያ አልጋ ላይ የሚተኛው በፈረቃ ነው። ባለፈው ወር ከመጠበቂያው የወጣው ሰው አራት ዓመት ቆይቶ ነው፤ ሲወጣ ሰባ ሞልቶት ስለነበር ተጧሪ ሆኖ ነው የወጣው።

እስከ ዓምና እንድሪስ ፈተናውን የሚያልፈው በአንድ ምክንያት ነበር። የድሮው ተጧሪው ሠላሳ ስምንት ኪሎ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና እንደ ጋቢ ትከሻው ላይ ጣል አድርጓቸው ይወጣ ነበር። የአሁኗ ተጧሪው መዲና ግን ሰባ አራት ኪሎ ናት።

ወደ ክፍላቸው ሲመለስ መዲና መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ትጠብቀዋለች።

«አንተ ልጅ፣ ጫማህን ጥረግ!»

«ጠርጌያለሁ እማማ።»

«ድገመው።»

ደገመው። በአፉ እማማ ይበላት እንጂ በልቡ መዲና ናት። ከሦስት ወር በፊት ተመድቦ ወደዚህ ክፍል ሲገባ ገና ከበሩ ነው ያወቃት። በግራ ቅንድቧ ላይ ያለውን ጠባሳ ያወጣው እሱ ራሱ ነው። ከቦርከና ማዶ በነበረችው መንደራቸው፣ እሱ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኖ የመታው ኳስ፣ ሜዳው ዳር የተቀመጠችውን የስድስት ዓመት ልጅ ድንጋይ ላይ ጣላት። አዝሏት እስከ ጤና ኬላው ሮጠ።

በወረቀት ግን መዲና ይመር ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። በአሥራ አራት ዓመቷ ወደ ዓረብ አገር ስትሄድ ደላላው ፓስፖርቷ ላይ ሃያ አራት ብሎ አጻፈላት። በዚያ መንደር ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። ወንዱ ለኳስ ይቀንሳል፣ ሴቷ ለጉዞ ትጨምራለች፤ የመንደሩ ዕድሜ ተደምሮ ቢካፈል ትክክል ይመጣ ነበር።

እናም የሰባ ሁለት ዓመቱ ሰው የስድሳ ስምንት ዓመቷን ሴት ጥፍር ይቆርጣል፣ መድኃኒት ያስታውሳል፣ ሲጠሩት «አቤት» ይላል። እውነቱን እንዳይናገር ሰነድ ያጭበረበረ ሰው ከሁሉም ግቢ ይባረራል። መዲና ደግሞ ያወቀችው አይመስልም። የማያውቅን ሰው ማሳወቅ እባብን በጅራቱ መቀስቀስ ነው ብሎ ዝም አለ።

ከሁሉም የሚከብደው ታሪክ ማዳመጡ ነበር። በየቀኑ አርባ ደቂቃ ተጧሪ የድሮ ታሪክ ያወራል፤ ጧሪ ያዳምጣል። ግድግዳው ይቆጥራል። በደቂቃ ቢያንስ አንድ «እህ» ወይም አንድ «ወይ ጉድ» ካልተሰማ መብራቱ ቢጫ ይሆናል። በመጨረሻ ተጧሪው ሦስት ምርቃት ይመርቃል።

መዲና ደግሞ ታሪክ ስታወራ ሁሉንም ታበላሸዋለች። ቦርከና ሞልቶ ድልድዩን የወሰደበትን ዓመት ትስታለች። የመንደሩን ዳኛ ከመንደሩ ሌባ ጋር ታምታታለች። እንድሪስ ድልድዩ ሲወሰድ እዚያው ቆሞ አይቷል፤ ግን የስድሳ ሦስት ዓመት ወጣት ያን ሊያስታውስ አይችልምና «ወይ ጉድ» ይላል።

በዚያ ሰኞ መዲና ጉሮሮዋን አጸዳች።

«ያኔ በመንደራችን አንድ በረኛ ነበር። ስሙ እንድሪስ ነው፣ እንዳንተው።»

«እህ።»

«ኳስ ሲመጣበት ዓይኑን ይጨፍናል።»

እንድሪስ የካልሲውን ቀዳዳ ተመለከተ። «ወይ ጉድ።»

«ከሐርቡ ልጆች ጋር ሲጋጠሙ ሰባት ጎል ገባበት። አራቱ በእግሩ መሀል! አሠልጣኙ፣ ‹እግርህን ግጠም እንጂ፣ በር ነህ እንዴ› ይለዋል።»

«እህ» አለ እንድሪስ፤ ድምፁ ከሲታ ነበር።

«አምስተኛው ሲገባማ እሱ ጥግ ላይ ሸንኮራ እየበላ…»

«አጥቂ ነበርኩ!»

ቃሉ ከአፉ ወጥቶ ክፍሉ መሀል ቆመ። እንድሪስ በእጁ አፉን ያዘ። ግድግዳው ትንሽ ጠብቆ፣ «አንድ ደቂቃ አልፏል። አድናቆት አልተመዘገበም» አለና ቢጫ ሆነ።

«ወይ ጉድ» አለች መዲና በእሱ ፋንታ።

ግድግዳው አረንጓዴ ሆነ። «ወይ ጉድ» ማለቱን እንጂ ማን እንዳለው አይጠይቅም።

«ታውቂኝ ነበር?» አለ እንድሪስ።

«ከበሩ ስትገባ ነው ያወቅሁህ። አረማመድህ ያው ነው፤ ገበያ እንደሚነዳ በሬ።»

«ሦስት ወር ሙሉ! ሦስት ወር ሙሉ ጥፍርሽን ስቆርጥ!»

«በደንብ ነው የምትቆርጠው።»

«እደግ ተመንደግ እያልሽ ስትመርቂኝ!»

«አሜን ትል ነበር እኮ።»

መዲና ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ቤት ታዝዣለሁ» አለች። «በአሥራ አራት ዓመቴ ሄጄ፣ ሃያ አራት ነሽ እየተባልኩ። ‹ይህን ያህል ዕድሜ ይዘሽ ይሄ እንዴት ይከብድሻል› ይሉኝ ነበር። አሁን ተራዬ ሲደርስ አንድ ሰው ለትንሽ ጊዜ ‹አቤት› ሲለኝ ልየው አልኩ። ያ ሰው አንተ ሆንክ፤ ምን ላድርግህ?»

እንድሪስ ጫማውን ለሦስተኛ ጊዜ ጠረገና ስለ ፈተናው ነገራት፤ ስለ ጉልበቱም።

«እውነቱን ብንናገርስ?» አለ በመጨረሻ። «ሁለታችንም።»

«ተናገርን እንበል። አንተ ሰባ ሁለት፣ እኔ ስድሳ ስምንት። መጀመሪያ በሰነድ ማጭበርበር እንባረራለን። ባንባረር ደግሞ አንተ ተጧሪ ትሆናለህ፣ እኔ ጧሪ። ያንተን ጥፍር እኔ?» የእግሩን ጣት አየች። «መጠበቂያው ይሻለኛል።»

«እንግዲያው ምን ይሻላል?»

«ራት እተዋለሁ። ክብደት እቀንሳለሁ።»

«ቢያንስ ብቻችንን ስንሆን አያ እንድሪስ በይኝ። በአራት ዓመት እበልጥሻለሁ።»

«አራተኛ ፎቅ አድርሰኝና እልሃለሁ።»

መዲና ራት ተወች። ራት በተወች ቁጥር ግን ጠባይዋ እየከፋ ሄደ። ሐሙስ ዕለት በግድግዳው ላይ ጮኸች። ዓርብ ዕለት እንድሪስ እንጀራውን ደብቆ ሲበላ ይዛው እስከ ማታ አኮረፈችው። እሱም በበኩሉ በየጠዋቱ ሃያ አምስት ኪሎ ሩዝ ተሸክሞ ደረጃ ይለማመዳል፤ ሁለተኛ ፎቅ ሲደርስ ሩዙ ላይ ተቀምጦ ይመለሳል። ሰኞ ማታ መዲና ሚዛን ላይ ወጣች። ሰባ ሦስት።

«ስምንት ቀን ተርቤ አንድ ኪሎ!» አለች። «ይሄን ሥጋ ማን ሰፍቶብኝ ነው?»

ማክሰኞ በሦስት ሰዓት ምድር ቤት ደረሱ። ኤልዳና አራተኛ ፎቅ ላይ ሆና ትጠብቃለች። በደረጃው ላይ ካሜራ የለም፤ ተጧሪ ታዝሎ መታየቱ ክብሩን ይነካል ተብሎ ተነሥቷል። በካሜራው ፈንታ በየእርከኑ ሚዛን ተቀብሯል። ሚዛኑ የሚያጣራው አንድ ነገር ነው፤ የሁለት ሰው ክብደት በአንድ ሰው እግር መውጣቱን። በፎቆቹ መካከል ባሉት መዞሪያዎች ላይ ሚዛን የለም፤ እዚያ ማረፍ ይፈቀዳል።

«ጀምር» አለ ግድግዳው።

«ቢስሚላህ» አለ እንድሪስና መዲናን አዘላት።

የመጀመሪያውን ፎቅ በደኅና ወጣ። መዲና ጆሮው ሥር፣ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» ትላለች። ሁለተኛው ላይ ማለቷን ተወች። ወደ ሦስተኛው በሚወስደው ደረጃ እኩሌታ ጉልበቱ ቀጭ አለ፤ ይህ ግን የሽምብራ ድምፅ አልነበረም፤ እንጨት የተሰበረ ነው የሚመስለው። እንድሪስ ጥርሱን ነክሶ፣ የብረቱን መደገፊያ በሁለት እጁ እየሳበ መዞሪያው ላይ ደረሰና ተንበረከከ።

«አበቃ» አለ። «መዲና፣ አበቃ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ስንት ደቂቃ ሄደ?»

«ሁለት ተኩል። ምን ያደርጋል?»

መዲና ከጀርባው ወረደች። ቀሚሷን ሰብስባ ወገቧ ላይ ቋጠረች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታው ጎንበስ አለች።

«ውጣ።»

«ምን?»

«ውጣ አልኩህ! የጋዝ ሲሊንደር አምስተኛ ፎቅ ሳወጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። ግድግዳው ‹ወይ ጉድ›ን ማን እንዳለው ጠይቋል? ደረጃውም ማን እንዳዘለ አይጠይቅም።»

«ነውር ነው! እኔ ወንድ ልጅ፣ በዚያ ላይ ታላቅሽ…»

«ነውሩ መጠበቂያ በፈረቃ መተኛት ነው። ውጣ!»

እንድሪስ ዙሪያውን አየ፤ ማንም የለም። ዓይኑን ጨፍኖ ወጣ። መዲና ወገቧን ቀና አድርጋ እንደ ውኃ ቀጂ አመቻችታ ያዘችውና ሽቅብ ገሰገሰች። እርከኑን አንድ በአንድ ሳይሆን ሁለት በሁለት ነበር የምትወጣው።

«ከባድ ነህ» አለች ሦስተኛው ፎቅ ላይ።

«አጥቂ ነበርኩ ብያለሁ።»

«በረኛ ብትሆን ይቀልህ ነበር።»

በዚህ መሀል የእንድሪስ አንድ እግር ጫማ ወልቆ ቁልቁል እየነጠረ ሄደ።

«ጫማዬ!»

«ተወው። ያኔ ጤና ኬላ ስትወስደኝ የኔን ነጠላ ጫማ መንገድ ላይ ጥለህብኛል። እናቴ ስለ ጫማው ነው የገረፈችኝ፣ ስለ ቅንድቤ አይደለም። አሁን እኩል ሆንን።»

አራተኛው ፎቅ ላይ ኤልዳና ሰሌዳዋን ይዛ ቆማለች። መጀመሪያ ያየችው የመዲናን ራስ ነው፤ ከዚያ ከመዲና ራስ በላይ የእንድሪስን ራስ።

«አልፏል» አለ ግድግዳው። «አራት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ። ጧሪ እንድሪስ በዛብህ እስከ ዛሬ ካስመዘገበው ሁሉ የተሻለ ሰዓት።»

መዲና እንድሪስን አውርዳ ቀሚሷን ፈታች። በአንድ እግር ጫማ የቆመው እንድሪስ መሬቱን ያያል።

«እማማ» አለች ኤልዳና ቀስ ብላ፣ «ሰባ ስምንት ዓመትዎ ነው አይደል?»

«የገብስ ቅንጬ ነው ልጄ። የገብስ ቅንጬ ያጠነክራል።»

ኤልዳና ወደ እንድሪስ ዞረች። ጉልበቱን አየች፣ ሽበቱን አየች፣ ደግማ ጉልበቱን አየች። አንድ ነገር እንደገባት ፊቷ ያስታውቃል።

«እንድሪስ፣ የኔ ወን…» አለችና ቆመች። «ቅጹ ‹ደረሰ ወይ? በስንት ደቂቃ?› ነው የሚለው። ማን ላይ ማን ታች ነበር ብሎ አይጠይቅም። ደረጃው አልፏል ካለ እኔ ከደረጃ ጋር አልከራከርም።» ፈረመች። ከዚያ ሁለት ፎቅ ወርዳ ጫማውን አምጥታ እግሩ ሥር አስቀመጠችለት፤ ብሮ ሳትለው።

በዚያን ዕለት ምሳ ላይ መዲና የስምንት ቀን ራቷን ልታካክስ ቀድማ አዳራሽ ገባች። ሁለት ሳህን ሽሮ አስቀርባ ተቀመጠች። እንድሪስ እያነከሰ ዘግይቶ መጣ፤ የሾርባ ሳህን ይዞ በወንበሮቹ መካከል ሲያልፍ ማንም ዞር ብሎ አላየውም፤ ወንበርም አልተንቀሳቀሰም፤ ወጣት ነውና።

መዲና መብላቷን አቁማ አየችው። ከዚያ እንጀራዋን አስቀመጠች፣ ጠረጴዛውን ተደገፈች፣ በሁለት እግሯ ቆመች።

«ኖር፣ አያ እንድሪስ!»

ወንበሮቹ ለአንድ አፍታ አሰቡ። ከዚያ ሦስት መቶ ወንበር በአንዴ ብድግ አለ። ጧሪው ተነሣ፤ ተጧሪው ተነሣ፤ ላለፉት ስድስት ዓመታት ለማንም ያልተነሡት የዘጠና ዓመት ሽማግሌ ምርኩዛቸውን እየፈለጉ ተነሡ። ሽሮ ተደፋ፤ ብርጭቆ ተንከባለለ። ግድግዳው፣ «ከሁሉም የሚበልጡ እንግዳ ገብተዋል። ዕድሜ፦ አልተገኘም» አለ።

«ኖር!» አለ አዳራሹ በሙሉ፣ ለማን እንደሆነ ሳያውቅ። ኤልዳና ጥግ ላይ ቆማ ነበር፤ እሷ ግን ወደ ማን እንደምትል አውቃ «ኖር» አለች።

እንድሪስ ሾርባውን እንደያዘ ቀረ። ሰባ ሁለት ዓመት ሙሉ ለ«ኖር» መልስ ሰጥቶ አያውቅም፤ መጀመሪያ ልጅ ነበር፣ ቀጥሎ ኳስ ተጫዋች፣ ከዚያ በኋላ ወጣት። ጉሮሮውን አጸዳ።

«በእግዜር» አለ። «ተቀመጡ ልጆቼ።»

ተቀመጡ። እሱም መዲና አጠገብ ተቀመጠ። ገና ማንኪያውን ሲያነሣ አንድ ተጧሪ በበሩ ብቅ አሉ፤ ወንበሩ ከሥሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

መዲና ሽሮዋን ሳታቋርጥ እግሯን ዘረጋችና የወንበሩን እግር ረገጠችው። ሰባ ሦስት ኪሎ።

ወንበሩ አልተነሣም።